ሰነዱ የት ይደር፣ ስንት ዓመት ይኑር

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንዲት ትንሽ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርሁ። ባለሙያ ብቻ አልነበርሁም፣ ጉረኛም ነበርሁ። ዲኑ አንድ ቀን ጠርተው፣ «የተማሪዎቻችን ውጤት የት እንደሚቀመጥና ስንት ዓመት እንደሚቆይ ዕቅድ አውጣ» ቢሉኝ ማን ይቻለኝ! በሳምንት ጨረስሁ። ውጤቱ ሁሉ በኢንተርኔት ውጭ አገር ያሉ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል፤ ይህን «ክላውድ» ይሉታል። ተማሪው ከተመረቀ ሰባት ዓመት ሲሞላው ማሽኑ ራሱ ይሰርዘዋል፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይፈልገዋል ብዬ። ወረቀቱ ደግሞ ይቃጠላል።

የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ጡረታ የደረሱ ሴት ነበሩ። ክላውድ ማለት ደመና መሆኑን ስነግራቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደመናውስ የሚዘንበው ጎጃም ነው ወይስ ሰው አገር?» አሉኝ።

«ሰው አገር ነው፣ እትዬ። እዚያ መብራት አይጠፋም።»

«ተው እንጂ! ታዲያ በጠማን ቁጥር እዚያ ድረስ ልንሄድ ነው?»

ወረቀቱን ለማቃጠል እጃቸው አልሄድ አለ። ስጠይቃቸው፣ «ዛሬማ ሚካኤል ነው።» ከአራት ቀን በኋላ፣ «ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ምነው ልጄ!» ቀጥሎ ገብርኤል፣ ቀጥሎ ማርያም። በገንሁ። ለዲኑ ብከሳቸው ዲኑ ሳቁብኝ።

ሰባት ዓመቱን የሚቆጥረውን ትእዛዝ ያስጀመርሁት ሐሙስ ነው። ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጫማዋ ጭቃ የለበሰ የዘንድሮ ምሩቅ ከፈረስ ቤት ከተማ ትራንስክሪፕቷን ፈልጋ መጣች። ባሕር ዳር ሥራ አግኝታለች፤ እስከ አሥር ሰዓት ካላስገባች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። «አይዞሽ፣ አንድ ደቂቃ» ብዬ ብከፍተው ባዶ! የእሷ ብቻ መሰላችሁ? የኮሌጁ ሁሉ።

ወይ ጉድ! እኛ የምረቃውን ዓመት በራሳችን ዘመን «ሁለት ሺህ ስምንት» ብለን መዝግበናል፤ የፈረንጁ ማሽን ደግሞ በራሱ ቆጠራ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ላይ ነው። የዘንድሮዋን ምሩቅ የስምንት ዓመት አሮጌ ናት ብሎ አባረራት። የተሰረዘውን በሠላሳ ቀን ውስጥ ማስመለስ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ በዚያ ቀርፋፋ ኢንተርኔት ግን እስከ ማታም አይደርስ። ልጅቷ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሮጬ መዝገብ ቤት ገባሁ። «እትዬ፣ ወረቀቱ አለ?»

«በዓሉ መች አለቀና ይቃጠላል!»

መሰላል ላይ ወጥተው ማህደሯን አወረዱ። በእጃቸው ጽፈው፣ ዲኑን አስፈርመው፣ ማኅተም አድርገው ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሰጧት። እኔም ከደብረ ማርቆስ የመጣ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኋት።

ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። አንገቴን ደፍቼ ገና ስጀምር ቁልፉን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«መስከረም ሲጠባ ጡረታ እወጣለሁ። ቁልፉን ለማን ልተው እያልሁ ነበር። በል ያዝ።»

«ለእኔ? ያን ሁሉ ጥፋት አጥፍቼ?»

«ያልደነገጠ ሰው መዝገብ አይጠብቅም፣ ልጄ። ጠዋት ፊትህን አይቼዋለሁ።»