የጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ አክሊል

ጥቅምት ሁለት ሺህ ሁለት ነበር። ነበር እንዴ? ዝናቡ ገና እንዳላባራ ትዝ ይላል፤ ግን ቦንጋ ላይ ዝናብን ምስክር ጠርቶ ወር መለየት አይቻልም። ሁለት ሺህ አንድም ሊሆን ይችላል። ብቻ ዙፋን የፎቶ ቤቷን ግድግዳ ሰማያዊ በቀባችበት ሰሞን፣ የማንኪራ ማር አምራቾች ማኅበር ኮሚቴ ሰባት ሆኖ የጫማውን ጭቃ ደጃፏ ላይ እየጠረገ ገባ።

ማኅበሩ ድረ ገጽ ሊያሠራ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሠሪ ከላይ የምትለጠፍ፣ ቁመቷ ከጣት ውፍረት የማትበልጥ ባነር ላኩልኝ ብሏል። ኮሚቴው ደግሞ ዙፋን ጫካ ውስጥ አሰልፋ ያነሳችው ፎቶ፣ ከነዛፉ ከነቀፎው፣ በዚያች ጣት ላይ እንዲሰፍርለት ፈለገ።

ከሰባቱ ነገሩን የምር የያዙት ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። ደካ ያሉ ዘመዶቻቸውን አኩርፈው፣ ካልጠሩኝ እግሬ ደካን አይረግጥም ብለው ከማሉ ዓመታት አልፈዋል። በቅርቡ ደግሞ አንድ ወሬኛ፣ ሽማግሌው ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ወጥተው ወድቀው ሞቱ ብሎ አወራ። ደካም ድንኳን ተክሎ አለቀሰ። ሄደው አለሁ እንዳይሉ መሐላው ያዛቸው። የእህታቸው የበዛወርቅ ልጅ ግን እዚያው ደካ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። እንግዲህ ፊታቸው ባነሩ ላይ ጥርት ብሎ ካልታየ እንደሞቱ መቅረታቸው ነው።

ዙፋን ፎቶውን አሳነሰችው። ሰባቱ ሰዎች ሰባት ፍሬ ቆሎ ሆኑ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ።

«የቱ ነኝ?»

«ከግራ ሦስተኛው፣ ጋሽዬ።»

«እሱ ቀፎው ነው።»

እውነትም ቀፎው ነበር።

ያሳነሰችውን መልሳ አሳደገች፣ ደግማ አሳነሰች፤ በነካካችው ቁጥር ይብሱን ደበዘዘ። በመጨረሻ ፎቶሾፑ ላይ ምስል የሚያጠራውን ነገር አገኘችና እስከ ጥግ ገፋችው። ፊቶቹ ጠሩ። ግን በእያንዳንዱ ራስ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ወጣ፤ ሰባቱም ዛፍ ሥር የቆሙ ቅዱሳን ሆነው ቁጭ አሉ።

ፕሮቴስታንቷ የማኅበሩ ጸሐፊ እትዬ ተሾመች፣ ይህን ደፍቼ ጉባኤው ፊት እንዴት እቆማለሁ ብለው ተቆጡ። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ለገሰ ግን ክፉ አይደለም ብለው የኮታቸውን ኮሌታ አስተካከሉ። የጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ፊት ብቻ ነበር የጠቆረው።

«ልጄ፣ ሞተ ለተባለ ሰው አክሊል ጨምረሽ ትልኪያለሽ? ደካ ይህን ሲያይ ገነት ገባልን ብሎ ነው የሚደግሰው። አውርጂልኝ።»

ሳቁ እስኪበርድ ዙፋን አሰበች። ከዚያ የነካካችውን ሁሉ ዘግታ ትልቁን፣ ያልተነካውን ፎቶ ከካሜራዋ እንደገና አወጣች። ጫካውና ሰማዩ አስቀድሞ ቢቆረጥ፣ የቀረውም አንዴ ብቻ እንዲያንስ ቢደረግ፣ ማጥራቱም በስሱ ቢሆን፣ ፊት ፊት እንደሆነ ይቀራል። ችግሩ፣ በዚያች ጣት ላይ የሚበቃው አንድ ፊትና አንድ ቀፎ ነው። ጋሽ ለገሰ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሊቀ መንበርነታቸውን አስታወሱ።

«የእርስዎን ሞት ማን አወራ?» አሏቸው እትዬ ተሾመች። «እኛ በሕይወት መኖራችን ይታወቃል። ባነሩ ለእሳቸው ይሁን።»

ፎቶው ላይ የሽማግሌው ፊት ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ይመስል ነበርና ዙፋን ፈገግ ብለው እንደገና እንዲነሱ ለመነቻቸው። አሻፈረኝ አሉ። ደካ የሚያውቀው ኩርፊያቸውን እንጂ ሳቃቸውን አይደለም።

ባነሩ በወጣ ሰሞን የእህታቸው ልጅ ደወለ። እናቱ በዛወርቅ ስክሪኑን አይታ፣ እንዲህ የሚያኮርፍ ሰው አልሞተም፣ ቶሎ ጥሩልኝ ብላ አልቅሳለች።

በማግስቱ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ኮታቸውን አስተኩሰው መጡ። ያው ፊት በትልቁ እንዲታተምላቸው ፈለጉ። ራሳቸው እየሄዱ ፎቶው ምን እንደሚሠራላቸው ዙፋን ጠየቀች።

«ያላመነ ካለ ያስተያየን» አሉ።

ጠርዙን ስትከረክም፣ ይህን ሁሉ ዓመት በምን እንዳኮረፉ ለመጠየቅ ቃሉን እያዘጋጀች ነበር። ደጅ ላይ የሚኒባሱ ረዳት ደካ፣ ደካ እያለ ጮኸ። ቀና ስትል ፎቶውን ከእጇ መንትፈው ወጥተዋል። ሚኒባሱ ሲታጠፍ መስኮቱ ላይ አስደግፈውት ነበርና፣ የተኮሳተረው ፊት ጥርት ብሎ እሷን እያየ ሄደ።