ስሙ የማይጠራ መድኃኒት

አንዳንዱን ነገር አሳስቼ እጽፍ ይሆናል። ከቢቸና ወደ ሞጣ የሄድንበት ቀን ቅዳሜ ይመስለኛል፤ እኅቴ ግን በመንገዱ ገበያተኛ አልነበረም ትላለች። ስለ ብልቃጧ ግን ሁለታችንም የምናስታውሰው አንድ ነው፦ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ ነጭ ዱቄት ያለባት፣ የላይ ወረቀቷ ተልጦ ሙጫው ብቻ የቀረባት ነበረች።

እኅቴ የረጅም ርቀት ሯጭ ናት። በዚያ ዓመት የተረከዟ ጅማት ታሞ፣ ከክለቧ ፈቃድ ተቀብላ ቢቸና ወላጆቻችን ቤት ተቀምጣ ነበር። ክለቡ የሚያቆያቸውን ሯጮች የሚመርጥበት ውድድር እየቀረበ ነው፤ ካልሮጠች ትሰናበታለች። ሞጣ የሚኖሩት የአባታችን ታላቅ ወንድም የታወቁ ወጌሻ ናቸው። ጅማቷን አሽተው አሽተው አልሆን ቢላቸው፣ አዲስ አበባ የሚነግድ ዘመድ ያመጣላቸውን ይህችን ብልቃጥ ሰጧት። የተበጠሰ ጅማት እንኳ ይቀጥላል፣ በመርፌ ነው የሚሰጠው፣ አሏት።

ኬሚስትሪ በመማሬ ቤተ ሰቡ መድኃኒት ሁሉ በእጄ ያለ ይመስለዋልና፣ እኅቴም እኔን ጠየቀችኝ።

«ለሯጭ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ክለብ ውስጥ ያስተማሩን ወደ ሰውነታችን ለገባው ነገር ሁሉ ተጠያቂዎቹ እኛው እንደ ሆንን ነው። ዘመድ ሰጠኝ ብዬ አላመልጥም።»

ግራ ገባኝ። ጉልበት የሚጨምር ነገር መከልከሉ ይገባኛል፤ የሚያድን ነገር ግን ስለ ምን ይከለከላል? የታመመ ጅማት መዳኑ ማጭበርበር ነውን? ደግሞስ ስሙን ሳላውቅ ምኑን ልመርምር? ስሙን ልንጠይቅ ተሳፈርን።

አጎታችን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የአንድ ገበሬ ክንድ በቀርከሃ ስንጥር ሲያስሩ ደረስን።

«ጋሼ፣ የዚያ መድኃኒት ስሙ ማን ነው?» አልኋቸው።

«ዩኒቨርሲቲ ይህን ነው ያስተማሩህ? መድኃኒት በታማሚው ፊት ከተጠራ ይረክሳል። ወረቀቱን የላጥሁት ለጨዋታ መሰለህ?»

«ጋሼ፣ እኔ ስሙን ካላወቅሁ እኮ ሊያግዱኝ ይችላሉ» አለች እኅቴ።

«ስለ ዳንሽ?»

«በምን እንደ ዳንሁ ጠይቀው።»

«እንግዲያ አንካሶችን ያወዳድሩ!»

ገበሬው ሕመሙን ረስቶ ሳቀ። «አንተ ደግሞ አትነቃነቅ፣ አጥንትህን ጠማማ አድርጌ እንዳልሰድህ!» ብለው ተቆጡት።

ልማዱን አውቀዋለሁ። ሥር ምሶ የሚያክም ሰው፣ ታማሚው እስኪድን ድረስ የሥሩን ስም አይነግረውም፤ ለሚያምነው ለአንድ ሰው ብቻ በጆሮው ይነግረዋል። አጎታችን ከፋብሪካ የወጣውንም በዚሁ ሕግ አሳደሩት። ብዙ ከለመንናቸው በኋላ እኔን ብቻ ከአጥሩ ውጭ ወስደው፣ ሦስት የፈረንጅ ፊደልና አንድ ቁጥር በጆሮዬ አንሾካሾኩልኝ።

«እስክትድን ለእርሷ አትንገር፤ አደራ። ከነገርህ ልፋቴን አፈረስህ።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኗ ነበርሁ፤ ወይስ ከኋላዋ? በአንደኛው ሕግ ማወቅ ያለባት እርሷ ናት። በሌላው ሕግ ማወቅ የሌለባት እርሷው ናት። ስልኬን ባወጣ ኔትወርክ የለም።

«ነገሩህ?»

«ነገሩኝ።»

«የተከለከለ ነው?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ከረምህ?» ብላ ሳቀች፤ እጇ ግን ተረከዟን ጨብጦ ነበር።

ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ ያለው ትዝታችን ይለያያል። እኔ ስሙን ሳልነግራት፣ «አንተ አላውቅም ያልኸውን እኔ አልወጋም» ብላ ብልቃጧን እጄ ላይ እንዳስቀመጠችልኝ አስታውሳለሁ። እርሷ ግን ቢቸና ሳንደርስ ስሙን ነግሬያታለሁ ትላለች፤ አደራውን ማፍረሴን ልቤ ስላልወደደው ረስቼው እንደ ሆነ እንጃ። ብልቃጧ ሳትከፈት መቅረቷን ግን ሁለታችንም አንጠራጠርም። እኅቴ በውድድሩ አልሮጠችም፤ ክለቡም አሰናበታት። ጅማቷ በዕረፍት ቀስ እያለ ዳነና ዛሬ ለሌላ ክለብ ትሮጣለች። አጎታችን ያዳናት የእርሳቸው መድኃኒት እንደ ሆነ ለሰው ሁሉ ይናገራሉ፤ እስካሁን አላረምናቸውም።

ከዳነች ዘንድ፣ በእርሳቸውም ሕግ ቢሆን ስሙን መጥራት ይፈቀድልኛል፦ ቢፒሲ-157 ይባላል። በስፖርት የተከለከሉ ነገሮችን ዓለም አቀፍ ዝርዝር በኋላ አግኝቼ፣ ጆሮዬን ስለማላምነው ደጋግሜ አነበብሁት። ለሰው ሕክምና ባልጸደቁ ነገሮች ክፍል ውስጥ፣ በውድድር ጊዜም ከውድድር ውጭም የተከለከለ ተብሎ፣ በስሙ ተጠርቶ ተጽፏል።