በጠራራ ፀሐይ የተወራ ተረት

ልጅ ሳለሁ ቤት የሚባል ነገር ሁሉ መሬት ላይ የተተከለ ይመስለኝ ነበር፤ ተጠቅልሎ በአህያ የሚጫን ቤት መኖሩን ያወቅሁት እናቴ የታመመች እህቷን ልታስታምም ደሴ በሄደችበት የትምህርት ዕረፍት ነው። አባቴ የደን ባለሙያ ነበር። ያን ሰሞን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር፣ ከመካነ ሰላም ራቅ ብሎ በሚገኘው የተራራ ጫካ ድንኳን ተክለው ዛፍ ይቆጥሩ ስለነበር፣ እኔን የሚተውበት ሰው ሲያጣ ይዞኝ ሄደ። ዛፍ ቆጥሮ ደመወዝ የሚበላ ሰው መኖሩ ያኔ በጣም ይገርመኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም አልፎ አልፎ ይገርመኛል።

ድንኳኖቹ የተተከሉት የአስታና የኮሶ ዛፎች በከበቡት ገላጣ ሣር ላይ፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጠዋት ስነቃ የድንኳኑ ጣሪያ ከውስጥ በኩል አልቦት አገኘዋለሁ፤ አባቴ «አትንኪው፣ ያፈሳል» ይለኛል፣ እኔ እነካዋለሁ፣ ውሃው አንገቴ ውስጥ ይገባል። ይህ በየጠዋቱ የሚደገም ሥራችን ነበር።

የሰፈራችን ጠባቂም ምግብ አብሳይም አያ ይመር ነበሩ፤ ከጫካው በላይ ካለው መንደር የተቀጠሩ፣ አንድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ። መግሪብ ሰግደው ሲመለሱ የአስታውን እንጨት ያነዱታል፣ ፋኖሱን ከድንኳኑ ገመድ ላይ ይሰቅሉታል፣ ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ፍሙ ዙሪያ ስንሰበሰብ ተረታቸውን ይጀምራሉ። የእሳቸው ተረት አጭር ነው፤ ጅቡ ይሞኛል፣ ጦጣዋ ትስቃለች፣ አለቀ። ቀን ግን ቢለምኗቸው ቢያባብሏቸው አይሆንም። «ተረት የማታ ነው፤ በቀን ያወራ ሰው ከብቱ ያልቅበታል» ይሉኛል። አንድ ቀን ድንኳን ውስጥ ገብቼ ዚፑን ዘጋሁና «ይኸው ጨለመ፣ ይምጡ» ብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ግን አልመጡም።

ከሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ሰማዩ እኛ ጋ ጥርት ብሎ የዋለበት ቀን ነበር። አባቴና ባልደረቦቹ እንደወትሮው በጠዋት ድንጋይ ከድንጋይ እየዘለሉ ወንዙን ተሻግረው ማዶ ሄደዋል። ወቅቱ በልግ ነውና እኛ ጋ ጠብ ያላለው ዝናብ ላይኛው ተራራ ላይ ሲወርድ እንደነበር ማንም ልብ አላለም። ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ሁለቱ ባልደረቦች ተሻግረው መጡ፤ ገና እግራቸውን ሳያደርቁ ጫካው ውስጥ ድንጋይ የሚንከባለል የመሰለ ድምፅ ተሰማና ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድና ቅርንጫፍ ተሸክሞ መጣ። የምንሻገርባቸው ድንጋዮች ጠፉ። «አባቴስ?» አልኳቸው። ተያዩ። «ከኋላችን ነበር» አለ አንደኛው፣ ከዚያ ወንዙን ተከትለው ወደ ታች ሮጡ። ወደ ታች መሮጣቸው ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዕድሜዬም ገባኝ።

እኔም ወደ ውሃው ሮጥኩ። አያ ይመር ያዙኝ፣ አመለጥኳቸው፤ በዚያ ጉልበታቸው እያነከሱ ተከትለው ደግመው ያዙኝ። ሦስተኛ ባመልጥ እንደማይደርሱብኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ጀርባዬን ለወንዙ አድርገው ግንድ ላይ አስቀመጡኝ፣ ሁለት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ «ተረት ተረት» አሉ።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። አያ ይመር በቀን ተረት ካወሩ አባቴ ሞቷል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ የዚያን ቀን ከምንም በላይ ያስፈራኝ ይኸው ነበር። «ተቀበይ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «የላም በረት» አልኩ።

ተረቱ የአንዲት ጦጣ ነው። ልጇን ልትድር ደሴ ሄዳ ቅቤ ልትገዛ ተነሣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሦስት ቃል ደሴ ያደርሷት ነበር፤ ያን ቀን ግን በየመንደሩ አሳረፏት፣ በየቤቱ ምሳ አበሏት፣ አቀስታ ላይ ብርድ ልብስ አስለመኗት፣ ደሴ ስትደርስ ቅቤ ጠፍቶ ወደ ኩታበር ገበያ ሰደዷት። እኔ ወደ ኋላዬ ለመዞር በሞከርኩ ቁጥር ጦጣዋ አንድ ችግር ይገጥማታል። ጉሮሯቸው ደርቆ ድምፃቸው ሰለለ፤ አላቆሙም። መጨረሻ ሲጠፋቸው በመጣችበት መንገድ ይመልሷት ጀመር።

ጦጣዋ አቀስታ ልትገባ ስትል አያ ይመር ድንገት ዝም አሉ። ዓይናቸው ከእኔ በላይ አልፎ ማዶ ተተክሏል። ዞር ስል አባቴ ከማዶ ዳገቱ ላይ ቆሞ ሸሚዙን ያውለበልባል። ለካ የረሳውን ሜትር ሊያመጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ነበርና ሳይሻገር ውሃው ቀድሞት ኖሯል። እኔ ጮኼ አለቀስኩ፤ አያ ይመር ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ጦጣዋ እስከ ዛሬ አቀስታ አልገባችም።

ውሃው ሲጎድል ባልደረቦቹ ተመልሰው አባቴን በገመድ አሻገሩት። ገና እሳቱ ሳይያያዝ አያ ይመር ዱላቸውን አንሥተው ተነሡ። «አሁን መሽቶ ወዴት ነው አያ ይመር?» አላቸው አባቴ። «ላሜን ልያት» ብቻ ብለው ዳገቱን ወጡ። ያላቸው አንዲት ላም እንደሆነችና እሷም አርግዛ ክብድ እንደነበረች የነገሩን ባልደረቦቹ ናቸው። ያን ማታ እሳቱ ዳር የጦጣዋን ታሪክና በምን ሰዓት እንደተወራ ለአባቴ ነገርኩት።

አያ ይመር በማግስቱ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ተመለሱ። አባቴ «እንዴት አደሩ?» ሲላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» ብለው መለሱ። ባልደረቦቹ ሳቁ፣ እሳቸውም አብረው ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቀም። ተነሥቶ ጎንበስ አለና ጉልበታቸውን ሳመ፤ «ኧረ ተው፣ በአላህ ተው» እያሉ በትከሻው ያዙት።

ዛሬ ልጆቼ ተረት በጠራራ ፀሐይ በስልክ ያያሉ፣ እኔም አልከለክልም። ይህን ሳወራ «ተረት ላም ይገድላል እንዴ?» ብሎ የሚስቅብኝ አይጠፋም። አይገድልም። አያ ይመር ግን ይገድላል ብለው ያምኑ ነበር፣ እያመኑም አወሩልኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው «አይዞሽ» ብሎኛል፣ እኔም ለብዙ ሰው ብያለሁ፤ ያለችውን አንዲት ላም አስይዞ ያጽናናኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።