ሁለቱ አሥራ አምስቶች

ዳርሊን ሆሉብ ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት የቀኝ አውራ ጣቷን ጥፍር ትሞርዳለች። ጥፍሩ ካጠረ አይሠራም፤ ከረዘመ ይሰበራል። በምታስተካክላቸው መቆጣጠሪያ ሳጥኖች ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ማብሪያዎች አሉ። ሌሎች ሠራተኞች በቀጭን ካቻቢቴ ይገፏቸዋል፤ እሷ ግን በጥፍሯ ነው። ካቻቢቴ ያንሸራትታል፣ ጥፍር አያንሸራትትም ትላለች።

ካናዳ፣ ዊኒፔግ ውስጥ የትልልቅ ሕንጻዎችን ማሞቂያ በሚገጥም ድርጅት የተቀጠረችው ገና በወጣትነቷ ነው። በየክፍሉ ኮርኒስ ውስጥ የክፍሉን ሙቀት የሚጠብቅ ሳጥን አለ፤ የሚሰቅሉት የአየር ቱቦውን የሚዘረጉት የቆርቆሮ ሠራተኞች ናቸው። ሳጥኖቹ በሙሉ በአንድ ጥንድ ሽቦ ይያያዛሉ፤ በዚያው ሽቦ ተራ በተራ ምድር ቤት ካለው ኮምፒውተር ጋር ይነጋገራሉ። ተራው እንዳይምታታ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩን የምትሰጠው ዳርሊን ናት፤ ስድስቱን ማብሪያዎች ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በመግፋት። ከግራ የመጀመሪያው አንድ ነው፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው አራት፣ እንዲህ በእጥፍ እያደገ ይሄዳል። ወደ ላይ የተገፉት ይደመራሉ።

ብርዱ ከመግባቱ በፊት አለቃዋ ግሌን ቢሮ ተቀምጣ ፕላን የምታዘጋጅበት ወንበር አቀረበላት። እምቢ አለች። ከገና በፊት ደግሞ ጠየቃት፤ አሁንም እምቢ።

"ሦስተኛ ጊዜ አልጠይቅሽም፣ አዝሻለሁ" አላት እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ያልነገረችው ነገር ነበር። የመነጽሯ ማንበቢያ ክፍል የታችኛው ነው፤ ለጋዜጣ ይሆናል፣ ከራስ በላይ ለተሰቀለ ሳጥን ግን አይሆንም። ለማንበብ አንገቷን ወደ ኋላ መቀልበስ አለባት፤ መሰላል ላይ ሲሆን ደግሞ ያዞራታል። ስለዚህ ማብሪያዎቹን በጣቷ እየዳሰሰች መሥራት ጀመረች። ይህ ከታወቀ ወንበሩ እንደማይቀርላት ታውቃለች።

በጃንዋሪ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አዲስ ሕንጻ ጨረሱ። ሰዎቹ የሚገቡት ሰኞ ነበር። ዓርብ ጠዋት ዳርሊንና የሥራ ባልደረባዋ ሮሜል ኮምፒውተሩን ከፈቱ። ሮሜል ከፊሊፒንስ የመጣ ነው፤ በአገሩ ልማድ እትዬ ይላታል።

"እትዬ፣ ነይማ ይሄን ጉድ እዪ። አሥራ አምስት ቁጥርን ወባ ይዞታል።"

"ምን ሆነ?"

"አንዴ ሃያ ሁለት ዲግሪ ይላል፣ አንዴ ዘጠኝ።"

"የጎደለ ቁጥርስ አለ?"

"ሦስት ቁጥር ጭራሽ የለም። ብጠራው ብጠራው አቤት አይልም።"

"ሚስትህ ስትጠራህ እንደምትሆነው ማለት ነው።"

ሁለት ሳጥኖች አንድ ቁጥር ይዘው ነበር። በዘጠኝ ዲግሪ የሚንቀጠቀጠውን ክፍል ማግኘት አላስቸገረም፤ ቀለም ቀቢዎቹ ሽታው እንዲወጣ የሦስት ቁጥርን መስኮት ከፍተው ሄደዋል። ሮሜል መሰላሉን አቁሞ ወጣ፤ የኮርኒሱን ክዳን ከፍቶ ሳጥኑን ቀና ብሎ አየ።

"እትዬ፣ ይሄ ሳጥን ተገልብጦ ነው የተሰቀለው። አንድ የሚለው በቀኝ በኩል ነው።"

ዳርሊን ወዲያው ገባት። ከግራ ሁለቱን ወደ ላይ፣ የቀሩትን ወደ ታች አድርጋ ነበር፤ ይህ ሦስት ነው። በተገለበጠ ሳጥን ላይ ግን ግራው ቀኝ፣ ላዩ ታች ይሆናል። ያጠፋችው የመጨረሻዎቹን ሁለት ነው፣ የበሩት የመጀመሪያዎቹ አራት፤ ድምራቸው አሥራ አምስት። ያን ቀን ስትዳስሳቸው ሁሉም ወደ ላይ ሆነው አግኝታቸዋለች። ከፋብሪካ ሲመጡ ወደ ታች እንደሆኑ ታውቃለች፤ ሰው ነካክቷቸው ነው ብላ አለፈችው።

"የቆርቆሮ ሠራተኞቹ ናቸዋ ገልብጠው የሰቀሉት" አለ ሮሜል እየወረደ። "የነሱ ጥፋት ነው እንላለን። ውሸትም አይደለም።"

"ቀስቱ ከዚህ ይታይሃል? የላይኛውን የሚያሳየው ቀይ ቀስት?"

"ከበሩም ይታያል።"

"ለእኔ አይታየኝም።"

ሮሜል ቁጥሩን ሊያስተካክል መሰላሉን እንደገና ወጣ።

ግሌን ከሰዓት በኋላ ሥራውን ሊረከብ መጣ። ምን እንደነበር ጠየቀ። ሮሜል የቆርቆሮ ሠራተኞቹን መራገም ሲጀምር ዳርሊን አቋረጠችው።

"ተገልብጦ ነበር፣ አላየሁም። ከራሴ በላይ ያለውን ማንበብ አልችልም፣ ግሌን።"

"ታዲያ እንዴት ስትሠሪ ነበር?"

"በዳሰሳ።"

"በዳሰሳ!" ግሌን ኮርኒሱን ቀና ብሎ አየ። "ከላይ በኩልም የሚያስነብብ መነጽር እኮ ያሠራሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁሉ አለው። ለምን አልጠየቅሽም?"

"ወንበር ትሰጠኛለህ ብዬ።"

"ወንበሩ አሁንም አለ።"

"አውቃለሁ።"

ግሌን ወንበሩን ለሌላ ሰው አልሰጠውም። በአዲሱ መነጽር ካነበበች ወደ መሰላሉ ትመለሳለች፤ ካላነበበች ቢሮ ትገባለች፤ የወሰነው ይህን ነው። የዐይን ሐኪሙ ቀጠሮ የተገኘው ለማርች ነው። እስከዚያ ዳርሊን ኮምፒውተሩ ዘንድ ሆና ቁጥሮቹን ትጠራለች፣ መሰላሉን የሚወጣው ሮሜል ነው።