የአክስቴ መዲና እግርና የማያልቁት ፍየሎች

ልጅ ሳለሁ ተረት እግር ሳይሰቀል ሊወራ እንደሚችል አላውቅም ነበር። የሌላው ሰው አክስት ቁጭ ብላ ትተርት ይሆናል፤ የእኔ አክስት መዲና ግን የምትተርተው በጀርባዋ ተንጋልላ፣ ሁለት እግሯን ግድግዳው ላይ ሰቅላ ነው። እኛ ልጆችም መሬት ላይ በተነጠፈው ሰሌን ላይ ተኝተን እንደሷ እግራችንን ወደ ላይ እናነሳለን። ያኔ የምንኖረው ካርቱም፣ አርካዊት በሚባለው ሰፈር ነው፤ ግቢው የአንዲት ሱዳናዊት ባልቴት ሲሆን፣ እሳቸው ከፊት ለፊት ባለው ቤት፣ እኛ ከወሎ የመጣነው ደግሞ ከኋላ በተደረደሩት ክፍሎች እንኖራለን። ባልቴቷን እንደ አገሬው ሐቡባ እንላቸዋለን፤ አያቴ እንደማለት ነው።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ መልሶ ይተፋል። መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ እናቴ ፋኖስ ታበራና አልጋዎቹን ወደ ግቢው ታወጣለች። ከምድጃው ፍም ላይ ሻይ ይንተከተካል፤ ሐቡባ ለትንኝ ብለው የሚያጨሱት የኒም ቅጠል ዓይናችንን ያስለቅሰዋል፤ እኛም እያስነጠስን «ተረት ተረት!» እስክትለን እንጠብቃለን። የላም በረት ማለት ትተን ቆይተናል። «የእግር ሰገነት!» ብለን ነው የምንመልሰው። ይህን ያወጣነው እኛው ነን፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አክስቴ ዓባይ ዳር፣ አል-ማንሺያ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ልብስ ተኳሽ ነበረች። የዚያ ቤት ወንዶች ነጭ ጀለቢያ ይወዳሉ፤ ረጅም፣ ሰፊ፣ አንዲት መጨማደድ የማይታይበት። እሷ ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ጀለቢያ ትተኩሳለች፤ ማታ ስትገባ እግሯ ከጫማው አልወጣ ይላል። የባቷ ደም ሥር እንደ ገመድ ተጠላልፎ ወጥቶ ነበር፤ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ያለው ቆዳ ጠቆረ፣ ከዚያም አንዲት ትንሽ ቁስል ወጣችና አልድን አለች። «ኧረ ተዪኝ፣ ትንኝ ነክሶኝ ነው» ትላለች እናቴን። ትንኝ እንዲህ ሲነክስ ማን አይቶ!

እናቴ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ እኔን የሚይዝ ስላልነበረ እኔም ተከተልኩ። የአክስቴ አረብኛ የወጥ ቤትና የካውያ አረብኛ ነው፤ የእኔ ግን ከአማርኛዬ ይሻል ስለነበር አስተርጓሚዋ ሆንኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው። የእግሯን ትርታ በጣቱ ፈልጎ አገኘና ራሱን ነቀነቀ። ደሙ ወደ እግር እየወረደ ወደ ላይ መመለስ አቅቶታል፤ መመለሻው በር ላልቷል፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል አለ። ዋጋውን ሲናገር ተረጎምኩላት። ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩ።

«በይው፣ በዚያ ገንዘብ ሁለት አዲስ እግር ገዝቼ መልሱን ለአንተ እመርቅልሃለሁ።»

እንዳለችው አድርጌ ነገርኩት። ሐኪሙ መነጽሩን እስኪያወልቅ ሳቀ። ከዚያ እንግዲያው የማይከፈልበትን መድኃኒት ልስጣት አለ፦ እግሯን በፋሻ ትጠቅልል፤ አንድ ቦታ ተገትራ አትዋል፣ ትንቀሳቀስ፤ ማታ ማታ ደግሞ ተኝታ እግሯን ከልቧ በላይ ከፍ ታድርግ፤ ቶሎም አታውርደው። ወደ እናቴ ዞሮ ሳይስቅ አንድ ነገር ጨመረ። ይህን ካላደረገች ቁስሉ እየሰፋ ሄዶ እግሯን ሊያሳጣት ይችላል። አክስቴ «ምን አለ?» ስትለኝ እናቴ እጄን ጨመቀችው። «በርቺ አለሽ» አልኳት።

«ከልቤ በላይ?» አለች እሷ ወደ ቤት ስንመለስ። «እግሬ ምን ውለታ ውሎልኝ ነው ከልቤ በላይ የሚቀመጠው?»

የፋሻውን ነገር መጀመሪያ ያበላሸችው ራሷ ናት። የወሎን ሴት ጥብቅ አድርጎ ማሰር ማንም አያስተምራትም፤ ከወለደች ማግስት ጀምራ ወገቧን በመቀነት ስትሸከፍ የኖረች ናት። እሷም ያንኑ መቀነቷን አወጣችና ከጉልበቷ ዝቅ ብላ፣ እንደ ወገብ፣ ሸብ አደረገችው። «ደም ካልወረደ አያብጥም፣ በሩን መዝጋት ነው» አለች። በማግስቱ እግሯ ወይን ጠጅ መስሎ ጣቶቿ ተነፉ። የሐኪም ቤቷ ነርስ ስትፈታው «ያ ሰላም!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ከጣት ሥር ጀምሮ፣ ታች ጠበቅ ላይ ላላ እያደረጉ፣ ወደ ጉልበት መውጣትን አሳየቻት። አክስቴም መቀነቷን ወደ ወገቧ መለሰችው፤ ከዚያ ወዲህ በግቢያችን የልብስ ገመድ ላይ የታጠበ ፋሻ ሳይሰጣ የዋለበት ቀን አላስታውስም።

ሥራ ቦታም ብልሃት አበጀች። እየተኮሰች ተረከዟን ታነሳለች፣ ትጥላለች፣ ታነሳለች፣ ትጥላለች። የቤቱ ልጆች ዳንስ መስሏቸው ከኋላዋ ተሰልፈው አብረዋት ይዘሉ ነበር። «ሰው በትከሻው እስክስታ ይወርዳል፣ እኔ በተረከዜ» ትለን ነበር።

የከበደው እግር መስቀሉ ነው። አክስቴ ቁጭ ማለት የማትችል ሴት ናት፤ ሥራ ካጣች የታጠበ ሰሃን ደግማ ታጥባለች። ደግሞስ እግርን ወደ ሰው መዘርጋት እንዴት ያለ ነውር ነው! እግር ዘርግቶ መቀመጥ እንኳ ያስቆጣል፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እንግዳ መቀበልማ አይታሰብም። በዚያ ግቢ ደግሞ ሰው አይጠፋም፤ አንዷ ጨው ልትበደር፣ አንዷ ወሬ ልትነግር፣ ሐቡባ ሻይ ሊጠጡ። የውጭው በር ሲጢጥ ሲል አክስቴ እግሯን ዱብ አድርጋ ብድግ ትላለች። አንድ ምሽት ላይ ቁስሉ ሰፍቶ ሲታይ እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ እኔን ጠራችኝ።

«ሰዓዳ፣ ስሚኝ። አክስትሽ ለራሷ ብላ አትተኛም፤ ልጅ ተረት ካላት ግን እንቢ ማለት አታውቅም። እግሯን ስትሰቅል ተረት ጠይቋት። ተረት ጀምሮ ሳይጨርስ የተነሳ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል በሏት።»

ይህ የአገር ቤት እምነት ይሁን እናቴ እዚያው ጓዳ የፈጠረችው ዛሬም አላውቅም። ካርቱም ውስጥ ምን ከብት ኖሯት ሊጠፋ! ግን ሠራ። ዕድሜ ለአያ ጅቦ!

አያ ጅቦ ሆዬ የሰው አህያ ሰርቆ ከልክ በላይ በልቶ እግሩ አበጠ። መድኃኒት ፍለጋ ወደ እንኮዬ ጦጢት ሄደ። «ቀላል ነው» አለችው፤ «ዋርካው ሥር ተንጋለልና እግርህን ግንዱ ላይ ስቀል። ዛሬ ፍየሎች በዚህ ያልፋሉ፤ እያንዳንዷ ጤናህን ጠይቃህ ትሂድ፤ የሚፈውስህ ሰላምታው ነው። የመጨረሻዋ ሳታልፍ እግርህን ካወረድክ ግን መድኃኒቱ ይረክሳል።» ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ጅቡ ተንጋለለ። የመጀመሪያዋ ፍየል መጣች፤ «እንዴት አመሸህ አያ ጅቦ፣ እግርህ ተሻለው ወይ?» እሱም ለሀጩን እየዋጠ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ እለፊ እቱ።» ቀጥላ ቀንደ ቆልማማዋ። ቀጥላ እርጉዟ፣ በየእርምጃው የምታርፈው። አንዷ ግልገሏን ረስታ ካለፈች በኋላ ተመለሰች፤ ስለዚህ ሰላምታው እንደገና ተጀመረ። አንዷ ደግሞ ካርቱም ብዙ የቆየች ፍየል ናት፤ «ኬፍክ? ተማም? አህለክ ተማም? ልጆችህስ ተማም?» እያለች እንደ ሱዳን ሰው ዘመድ አዝማዱን እስክትጨርስ ጅቡ እንባው ይመጣል። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። «ከዚያስ?» ስንላት «ከዚያማ ሌላ ፍየል!» ትላለች፤ እንዲህ እያለች የኢሻ አዛን ይደርሳል፣ እግሯም እላይ ይቆያል።

ሰው ሲመጣ ግን አሁንም ታወርደዋለች። ይህ ብቻ አልተሸነፈም ነበር።

አንድ ጁምዓ ምሽት እርጉዟ ፍየል መሃል ላይ ቆማ ሳለች ከበሩ «አሰላሙ አለይኩም» የሚል ድምፅ መጣ። ሼህ ሰይድ ናቸው። አል-ማንሺያ የአንድ ቪላ ዘበኛ ሆነው ይሠራሉ፤ የወሎ ሰው በካርቱም ሲያዝን ሲደሰት ዱዓ የሚያደርጉት ግን እሳቸው ስለሆኑ ከሁላችንም በላይ የሚከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። አክስቴ እንዴት ባለ ፍጥነት እግሯን እንዳወረደችው! ግድግዳው ላይ የነበረ ሚስማር ፋሻውን ያዘው፤ ተተረተረ፤ ቁስሉ ደማ።

ደሙን ሳይ የሆነውን አላውቅም። «አክስቴ! ፍየሏ ገና አላለፈችም! እግርሽን መልሺ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ዝም በይ አንቺ ባለጌ!» እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

ሼሁ ግራ ገባቸው። «የምን ፍየል ነው ልጄ?»

እኔም እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጅቡን፣ ፍየሎቹን፣ ፋሻውን፤ በመጨረሻም ሐኪሙ እግሯን ልታጣው ትችላለች ማለቱን። አክስቴ መጀመሪያ እናቴን፣ ከዚያ እግሯን አየች። «እኔን ነው?» አለች በቀጭን ድምፅ። ያ ድምፅ የእሷ አይመስልም ነበር።

ሼህ ሰይድ ከፊት ለፊቷ ያለው አልጋ ላይ ተቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸው እንደ ቂጣ ሊጥ ኩፍ ብሏል። «እኔም የሰው በር ስጠብቅ እየዋልኩ ይኸውና» አሉ። «መዲና፣ ልጄ፣ ነውሩ እግር መስቀል አይደለም፤ አላህ የሰጠንን እግር በይሉኝታ መጣል ነው። በሉ ያን ትራስ ወዲህ በሉ።» ተንጋለሉ። ጀለቢያቸውን በጉልበታቸው መሃል ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉ፤ ያን የመሰለ ሽማግሌ! «በሉ እንግዲህ» አሉ ወደ ሰማይ እያዩ፣ «ያቺ እርጉዝ ፍየል ትለፍ፤ አሳዘነችኝ።»

አክስቴ እየሳቀች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሳቀች። እናቴ ቁስሉን አጥባ እንደገና ጠቀለለችላት። ከዚያ እግሯ ወደ ላይ ወጣ፤ ፍየሏም አለፈች።

ከዚያ ወዲህማ ግቢያችንን ማየት ነበር! ሼሁ ያደረጉትን ማን ነውር ይለዋል? ቀኑን ሙሉ በሰው ወጥ ቤት ቆመው የዋሉት የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እየመጡ ይሰቅሉ ጀመር። ግድግዳው ላይ በፋኖስ ብርሃን የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ሂና የተቀባ ጣት፣ የሐቡባ ቀጭን ቅልጥም ሳይቀር። ሐቡባ አማርኛ አይሰሙም፤ የካርቱሟ ፍየል ስትመጣ ግን ሰላምታውን ከአክስቴ አፍ ነጥቀው እሳቸው ይጨርሱታል።

ዝናቡ አልፎ ብርዱ ሲገባ፣ አንድ ምሽት እናቴ ፋሻውን ፈትታ ፋኖሱን አስጠጋችና «መዲና፣ እስቲ እዪ» አለቻት። ቁስሉ ገጥሟል። እንደ ሕፃን ቆዳ ስስ፣ አዲስ ቆዳ ለብሷል። እልልታው ቀለጠ፤ ሐቡባ በአገራቸው አኳኋን ምላሳቸውን አርገብግበው አስነኩት፤ ጎረቤት ሠርግ መስሎት በሩን ገፍቶ ገባ።

እኔ ብቻ ጥግ ይዤ አለቅሳለሁ። አክስቴ አየችኝ። «ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ዳንሽ» አልኳት እየተንሰቀሰቅኩ። «እንግዲህ ፍየሎቹ አለቁ።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። «የወሎ ፍየል ያልቃል እንዴ! ደግሞ የዳነው ቁስሉ ነው እንጂ ደም ሥሩማ እንደኔው ግትር ነው፤ ሐኪሙ ዕድሜ ልክሽን ስቀዪ ብሎኛል።» ወላሂ፣ በሽታ ዕድሜ ልክ በመሆኑ ያን ያህል ደስ ያለው ልጅ በካርቱም ምድር ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። «ያላ፣ ተረት ተረት!» አለች፤ ሁላችንም ተንጋለልን።

አሁን ያ ግቢ የለም። ጦርነቱ ሲመጣ ሁላችንም ወጣን፤ እኛ ኮምቦልቻ ገባን። አክስቴ አርጅታለች፤ ፋሻዋን ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ከጣቷ ጀምራ ትጠቀልላለች፣ ማታም በእኔ ልጆች ተከብባ ትሰቅላለች። ከተረቶቿ ምን ምክር ቀሰምሽ ብትሉኝ የምመልሰው የለኝም፤ ያ ሁሉ ፍየል አልፎ ጅቡ መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ እንኳ አንድም ቀን አልደረስንበትም። ሰው ሲመጣ ብድግ ማለትን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እግሯን እላይ እንዳደረገች «ግቡ፣ ግቡ» ብላ እንግዳ መቀበልንም ያየሁት ከእሷ ነው። ባለፈው ሰኞ ገበያ አብረን ወጣን። ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከፊቴ ተፈተለከችና ዞራ፣ «ያላ! ምን ይጎትትሻል!» ብላ ስትጮህብኝ ገበያተኛው ሁሉ አየን። እኔ ሆነ ብዬ ነበር ወደ ኋላ የቀረሁት። ስትሄድ ማየት ደስ ይለኛል።