ያለዘብኩት መርዶ

እኔና ጓደኛዬ ቡሬ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አማርኛ እናስተምር ነበር። ቤት የተከራየነውም አብረን ነው። የዚያን ቀን እሷ ክፍል ገብታ ዘይቤዎችን ታስተምራለች፤ እኔ መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ደብተር አርማለሁ። ስልኬ ጮኸ። ፍኖተ ሰላም የሚኖሩት አጎቷ ነበሩ።

«ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እናቷ ጠዋት ድንገት አረፈች። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ይዘሻት ነይ። አደራ፣ መንገድ ላይ እንዳትነግሪያት። ትንሽ አሟታል በያት። ስትደርስ ሽማግሌዎች ይነግሯታል።»

አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ ግነት፣ ምጸት፣ ሰውኛ ብላ ጽፋለች፤ አሁን የደረሰችው መራራ ነገርን አለዝቦ መናገር ላይ ነው።

«ሞተ ማለት ሲከብደን ምን እንላለን?» ትላለች።

ተማሪዎቹ ይሽቀዳደማሉ። «አረፈ! ተለየን! አሸለበ!»

ያን ስሰማ ዞሬ መሮጥ አማረኝ። ግን በሩን አንኳኩቼ ጠራኋት።

«እናትሽ ትንሽ ደከም ብለዋል አሉ። ሄደን እንያቸው።»

«ማን አለ?»

«አጎትሽ።»

ጠመኔዋን እንደያዘች ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ታዲያ ለምን ለእኔ አልደወሉም?»

«ክፍል ትሆናለች ብለው ነዋ» አልኩ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ለእናቷ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ አይነሳም። ለአጎቷ ደወለች። «ተኝታለች፣ አሁን አትረብሻት» አሏት። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ተነስተን ማንኩሳ የምትባለውን ከተማ አለፍን። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ድንገት ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ደክመዋል አልሽኝ። አጎቴ ተኝታለች አሉኝ። እስኪ ንገሪኝ፣ ቃሉ እንዳለ ነው ወይስ የተለዘበ ነው?»

አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ስንደርስ…»

«ስንደርስ አትበይኝ! ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ድንኳን ውስጥ ነው የምሰማው?»

የሽማግሌ አደራ ተቀብያለሁ። እሷ ደግሞ እጄን ይዛ ትጠብቃለች።

«ሞተዋል» አልኳት። «ዛሬ ጠዋት።»

አልጮኸችም። ጥፍሯ አንጓዬ ውስጥ ገባ። «ቀብሩስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

ከዚያ በኋላ ነው ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ የተንሰቀሰቀችው። ሴትዮዋ ደረታቸው ላይ አስጠጓት። ሾፌሩ ሙዚቃውን አጠፋ፤ መንገድ ላይ እጁን ለሚዘረጋ ሁሉ ሳይቆም ነዳው።

ስንደርስ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ተሰልፈው ነበር። አጎቷ ፊቷን እንዳዩ ገባቸው። አስከሬኑ ገና ከቤት አልወጣም፤ እሷ በመካከላቸው አልፋ ገባች። አጎቷ እኔን ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«አደራ ብዬሽ አልነበር? መንገድ ላይ ወድቃ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

ዞሬ እሷን ተከትዬ ገባሁ።

ከሳምንት በኋላ ቡሬ ስትመለስ፣ አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች፣ «መኪናው ውስጥ ለብቻዬ አለቀስኩላት፤ ቤት ከገባሁ በኋላ ሰው በሰው ላይ ሆኖ ለቅሶው የእኔ አልነበረም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላነሳነውም።

ለአርባው አብሬያት ሄድኩ። አጎቷ እንድቀመጥ ቦታ አሳዩኝ፣ ምግብም አስቀረቡልኝ። አላናገሩኝም።