እትዬ አስመረት ኦክስጅን ላይ አይደሉም

«አስመረት ኦክስጅን ላይ ናት» ብላ ገርጂን ያዳረሰችው ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ስሟን አልጠራም፤ ጎረቤት ናት፣ ነገ ለቅሶ ያገናኘናል። ግን አውርታ አውርታ ከጨረሰች፣ አሁን ደግሞ እኔ ልናገር። ሁሉንም በዓይኔ ያየሁት እኔ ነኝ።

ሊድያ እባላለሁ፤ የተማሪዎች ሰርቪስ ላይ ረዳት ነኝ። ልጆቹን አሳፍራለሁ፣ አወርዳለሁ፣ ቦርሳ አቀብላለሁ። ሹፌሯም ባለመኪናዋም እትዬ አስመረት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ዘመድ አዝማዱ «ሚኒባሱን ሽጪው፣ ሴት ምን ታደርግበታለች?» ቢላቸው፣ መንጃ ፈቃድ አውጥተው ራሳቸው መሪውን ያዙ። ይኸው አሥራ አራት ዓመታቸው።

አምና ግን ድካም ያዛቸው። ጠዋት ሲነሱ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ቆመው ያዛጋሉ። ማንኮራፋታቸውንማ ተዉት! ግድግዳ ስለምንጋራ አውቀዋለሁ፤ ጄኔሬተር ነው። ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደታነቀ ሰው እያቃሰቱ ዘለው ይነሳሉ። ስጠይቃቸው «ዱካክ ነው» ይሉኛል፤ ጸበል ጠጥተው መልሰው ይተኛሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመናል። አሥራ አንድ ልጆች ከኋላ ይንጫጫሉ። መኪናው ቀስ ብሎ ወደፊት ሲንሸራተት ተሰማኝ። ዞር ብል፣ የእትዬ አስመረት አገጭ ደረታቸው ላይ ወድቋል! የእጅ ፍሬኑን ጎትቼ ጮህኩ። ከፊታችን የቆመው ሲኖትራክ ጋ ለመድረስ ስንዝር ነበር የቀረን።

«አልተኛሁም! ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው» አሉኝ።

«ተኝተዋል እትዬ! ወይ ይመርመሩ፣ ወይ እኔ ከነገ ጀምሮ አልሳፈርም።»

«አንቺ! በገዛ መኪናዬ?»

«አዎ፣ በገዛ መኪናዎ!»

አኮረፉኝ።  ቤት ስንደርስ ግን ቁልፉን ለወንድማቸው ለጸጋይ ሰጡትና «ሐኪም ንጂ እስኪለኝ መሪ አልነካም» አሉ። እኔም ኩርፊያቸውን በዚያው ይቅር አልኩ።

ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ክሊኒክ፣ እንቅልፋቸው ሲመረመር አብሬያቸው አደርኩ። አዲስ የተሠሩት ሹሩባ መሃል ለመሃል ሽቦ ለጠፉባቸው፤ ደረታቸው ላይ ቀበቶ፣ ጣታቸው ላይ መቆንጠጫ። «እንደ መብራት ኃይል ምሰሶ አደረጋችሁኝ እኮ» እያሉ እየተነጫነጩ ተኙ። ጠዋት ሐኪሙ መጣ።

«በሰዓት ሠላሳ ስምንት ጊዜ ትንፋሽዎ ይቋረጣል። ሲተኙ ጉሮሮዎ ይዘጋል፤ አእምሮዎ ነው እየቀሰቀሰ የሚያተርፍዎት።»

«ታዲያ እኔ ተኛሁ ብዬ ስታገል ነው የማድረው?»

«ሲታገሉ ነው የሚያድሩት።»

እትዬ አስመረት አለቀሱ። «ሰነፍኩ፣ አረጀሁ እያልኩ ራሴን ስረግም ነበር እኮ» አሉ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ?

መድኃኒቱ ኪኒን አልነበረም። ትንሽ ሳጥን ናት፤ በቱቦ አየር እየነፋች፣ አፍንጫ ላይ በሚታሰር ጭንብል በኩል ጉሮሮን ከፍታ የምታሳድር። የመጀመሪያው ሳምንት ጦርነት ነበር። «ይሄ ሰይጣን!» ብለው ይመነጭቁታል፣ ጠዋት ጉንጫቸው ላይ የማሰሪያው ሰንበር፣ አፍንጫቸው ደርቆ። ነርሷ «ቀን ቀን አድርገው ይለማመዱት» አለቻቸው። እሳቸውም ጭንብሉን አስረው ምስር ይለቅሙ ጀመር። ያቺ ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ በሩን ከፍታ ያየቻቸው እንዲህ ተቀምጠው ነው። ወንፊቱን እንኳ ሳትወስድ ሮጠች!

እኛ ሰፈር ኦክስጅን ላይ ነው የተባለ ሰው የንስሐ አባቱ ተጠርተዋል ማለት ነው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት የሚባለው ለሌላ አገር ነው፤ እኛ ሰፈር የሚጨመረው ወሬ ነው። በማግስቱ ብርቱካንና ሙዝ ጎረፈ። የእድር ሴቶች ተደርድረው ተቀመጡ። አንዷማ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ መጣች፤ በቁማቸው ቀበረቻቸው! እትዬ አስመረትም «ነጠላሽን አስተካክለሽ ሙዝ ብዪ» አሏት።

ሁለት ወር አለፈ። ሳጥኗ የመዘገበችውን ሐኪሙ አየና፣ ሠላሳ ስምንቱ ወደ ሦስት ወርዷል፣ ይንዱ አለ። እሰይ ብለን ሳንጨርስ፣ ዳናይት የምትባል እናት የወላጆች ቴሌግራም ላይ «ይቅርታ፣ ኦክስጅን ላይ ላለ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ የተደረደረው አውራ ጣት ብዛቱ! ደሜ ፈላ። ጸጋይ «ተዪው በቃ፣ እኔ እነዳለሁ» አላቸው።

«ምን ሆኜ ነው የምተወው?» አሉ እትዬ አስመረት። ወላጆቹን በሙሉ ለቅዳሜ ቤታቸው ጠሩ።

ቅዳሜ ሳጥኗን ታቅፈው ወደ ግቢው ወጡ፣ ኤሌክትሪክ ላይ ሰኩ፣ ጭንብሉን የዳናይት መዳፍ ላይ ደገኑ። «አየር ነው። ያው ይሄ የምንተነፍሰው። ጎማ የሚነፋ ኮምፕሬሰር አይተሽ የለ? ይሄ ደግሞ የኔን ጉሮሮ ይነፋል።»

አንዳንዱ ሳቀ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር፤ በዓይኔ ለመንኳቸው። አላቆሙም።

«አሁን ደግሞ የማታውቁትን ልንገራችሁ። ኢምፔሪያል ጋ ልጆቻችሁን እንደጫንኩ ተኝቻለሁ። መኪናው ሄዷል። ይቺ ልጅ ፍሬን ባትይዝልኝ…» ወደ እኔ ጠቆሙ።  «ያኔ ፊቴ ላይ ምንም ስላልነበረ ማንም አልፈራኝም። ‹እግዜር ይስጥልን› እያላችሁ የመኪናውን በር ዘጋችሁልኝ። ዛሬ ተኝቼ አድሬ ስነሳ ነው የፈራችሁኝ? የድሮዋን አስመረት ነበር መፍራት! ልጁን ማውጣት የፈለገ ያውጣ፣ አልቀየምም። እኔ ግን ይሄን ነገር ተደብቄ አላስርም።»

 አንድ አባት ተነስቶ፣ ቻው እንኳ ሳይል ወጣ። እኔ ሁሉም ሊከተለው ነው ብዬ ነበር። ዳናይት እጇን ከአየሩ ላይ ሳታነሳ ብዙ ቆየች።

«ልጄ ሰኞ በስንት ሰዓት ይዘጋጅ?» አለች በመጨረሻ።

«አንድ ሰዓት ከሩብ» አሉ እትዬ አስመረት። «ካረፈደ ትቼው ነው የምሄደው።»